ስምንተኛዋ ዳዶ

ሰውየው ሠላሳ ስድስት ዓመት ፋርማሲ ውስጥ ክኒን ሲቆጥር ኖሮ ጡረታ ወጣ፤ መቁጠሩ ግን አብሮት ጡረታ አልወጣም። ደረጃ ሲወጣ ይቆጥራል፤ ጥርሱን ሲቦርሽ ይቆጥራል፤ እንግዳ ሻዩ ውስጥ ስንት ማንኪያ ስኳር እንደጨመረ ያውቃል፣ ደግነቱ አይናገርም። የሰፈሩ ሰው «ጋሽ ቆጣሪ» የሚል ስም ሲያወጣለት ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ «እሰይ፣ የመብራቱ ቆጣሪ ቢበላሽም ችግር የለብንም» ብላ ሳቀች።

ጡረታ በወጣ በወሩ አንዲት መኪና በጭነት መኪና አስጭኖ አመጣ። መኪና ያልናት ለአክብሮት ነው እንጂ የዝገት ክምር ነበረች። ባለሁለት ወንበር፣ ጣሪያ የሌላት፣ መሬት ልትልስ ትንሽ የቀራት፣ በዘመኗ ግን የስንቱን አንገት ያስቆለመመች የስፖርት መኪና ናት። ሚስቱ ዞር ዞር ብላ አየቻትና «በስተርጅና ጣውንት አመጣህብኝ?» አለችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ የመኪናዋ ስም «ጣውንቴ» ሆኖ ቀረ።

ጣውንቲቱ አምስት ዓመት ፈጀች። ሰውየው ዝገቷን ፋቀ፣ ላሜራዋን ቀጠቀጠ፣ ስቱኮ ለቀለቀና በብርጭቆ ወረቀት እየፈተገ አለሰለሰ። መካኒክ አይደለም፤ የሚያውቀው ነገር ሥርዓት ብቻ ነው። ከሞተሩ የተፈታ ነገር ሁሉ ባዶ የመድኃኒት ጠርሙስ ውስጥ ይገባል። ጠርሙሱ ላይ ከየት እንደተፈታ፣ መቼ እንደተፈታና ስንት እንደሆነ ይጻፋል። ጋራዡን ያየ ሰው መኪናዋ ታማ የተኛች ይመስለዋል። ለቤቱ የወጣው ሕግም አንድ ነው፦ ጠርሙስ የሚነካ እጅ አይኖርም።

ጉድ የፈላው ሥራው ሊያልቅ ሲል ነው። ፒስቶኖቹ ተቀይረዋል፣ የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው፣ ተገጥሟል፤ የቀሩት ነዳጅና አየር የሚቀላቅሉት ሁለቱ ካርቡራተሮች ናቸው። እነሱን የሚያስሩት ትንንሽ የብሎን ዳዶዎች ያሉበትን ጠርሙስ አነሣ። ላዩ ላይ በገዛ ጽሕፈቱ «8» ይላል። ሞተሩ ላይ እንደተደገፈ መዳፉ ላይ ገለበጠው። ሰባት። ጠርሙሱን አራገፈው። ሰባት።

ከእጁ ሥር ነዳጅ የሚገባባቸው የሞተሩ ጉሮሮዎች አፋቸውን ከፍተው ተቀምጠዋል። አንዷ ዳዶ ስትገለበጥ ወደ ውስጥ ሾልካ ከሆነ ሞተሩ በተነሣ በደቂቃው ፒስቶኑን አድቅቃ የአምስት ዓመት ልፋቱን ገደል ትሰደዋለች። ወለሉን በማግኔት አሰሰ፤ የለችም። ስለዚህ የሞተሩን ራስ እንደገና ፈታ። ሁለት ቀን ፈጀበት። አራቱንም ሲሊንደር በባትሪ አየ። የለችም።

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን «ተመስገን!» ብሎ ከሱቅ አንዲት ዳዶ ገዝቶ ይጨርስ ነበር። እሱን የያዘው ግን ሌላ ነገር ነው። ዳዶዋ ሞተሩ ውስጥ ከሌለች መጀመሪያውኑ ስምንት አልነበሩም ማለት ነው። እንዲያ ከሆነ ሰባቱን ስምንት ብሎ የጻፈው እሱ ነው። በሠላሳ ስድስት ዓመት አንዲት ክኒን ያላጎደለው ሰው፣ ስምንት መቁጠር አቃተው።

አባቱንም መርሳቱ የጀመራቸው እንዲሁ በትንሽ ነገር ነበር። በስድሳ አራት ዓመታቸው ቁልፍ በእጃቸው ይዘው ቁልፍ ይፈልጉ ጀመር። ቤተሰቡም ሳቀ፣ እሳቸውም ሳቁ። በሦስተኛው ዓመት አልጋቸው አጠገብ ቁጭ ያለውን ልጃቸውን ትክ ብለው አዩና በትሕትና «የማን ልጅ ነህ?» አሉት። ሰውየው ዘንድሮ ስድሳ አራት ዓመቱ ነው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚሉት ነገር እንቅልፍ ነሣው።

ለሚስቱ አልነገራትም። ምን ብሎ ይንገራት? ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም አለ። የሞተሩን ራስ መልሶ ገጠመ፤ በሳምንቱ ግን አራተኛውን ሲሊንደር ማየቱን ተጠራጠረ። አይቷል፤ እንዳየ ያውቃል። ግን ማወቁን ራሱን ማን ይመነው? እንደገና ፈታው። ባዶ ነው። ገጠመው። ወጥ ሲቀርብለት «ጨው በዝቷል» ማለቱን ተወ፤ ምላሱንም መጠርጠር ጀምሮ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ፈትቶ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ ሳለ ሚስቱ ቀይ ቆዳ ታቅፋ ገባች። የተከፈተውን ሞተር ስታይ ባለችበት ቆመች።

«ዛሬም ፈታኸው?»

«እ... አንዳንድ ነገር ላስተካክል ብዬ ነው።»

«ባለፈውም ላስተካክል ብለህ ነበር።» ቆዳውን ከመኪናዋ አፍንጫ ላይ አኖረችና አጠገቡ ቁጢጥ አለች። «አንተ ሰውዬ፣ እየኝ እስቲ። ምን ሆነሃል?»

ሊዋሽ አፉን ከፈተ፤ አቃተው። እንባው ቀደመው። ዓይኑን በቅባታም እጁ ሲጠርግ ጉንጩ ጠቆረ።

«ዳዶ ጠፋችብኝ» አላት። «ስምንት ብዬ ጽፌያለሁ፤ ያሉት ሰባት ናቸው። ሞተሩ ውስጥ የለችም። መሬት ላይ የለችም። አባቴ ትዝ ይሉሻል አይደል? እንደ እሳቸው ልሆን ነው መሰለኝ።»

የሚስቱ ፊት ቀስ እያለ ቀላ።

«የካርቡራተር የሚል ከተጻፈበት ጠርሙስ ነው?»

«አዎ።»

«እኔ ነኝ የወሰድኳት።»

«ምን አልሽ?»

«የወንበሮቹን ልብስ በድብቅ እየሰፋሁልህ ነበር፤ ስትጨርስ ላስደንቅህ ብዬ። ዛሬም የወጣህ መስሎኝ ልለካው ነው ይዤው የገባሁት። ቆዳው ወፍራም ነው፤ የስፌት መኪናዬን ሲያንገጫግጫት የፔዳሏ ዳዶ ወልቃ ጠፋች። አንተ ደግሞ የሞተሩን ጓርኒሲዮን ልገዛ ብለህ ወጥተህ ነበር። ጠርሙሶቹን አየሁ፤ ያቺ ልክ ትሆናለች ብዬ አንዷን አነሣሁ። ስጨርስ ልመልሳት ነበር። ጠርሙስ ነካሽ ብለህ ቤቱን እንዳትገለብጠው ፈርቼ ነው።»

ሰውየው ጠርሙሱን አነሣና ጽሕፈቱን አየ። «ስምንት ነበሩ ማለት ነው?»

«እኔ እንጃ፣ አልቆጠርኳቸውም። አንዷን ወስጃለሁ።»

«ሰባትና አንድ ስምንት ነው» አለ። ደግሞ ደገመው፣ «ስምንት ነው! ስምንት ነበሩ!» ሦስት ሳምንት ደረቱ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ተነሣለትና እፎይ አለ። ብድግ ብሎ ሌባይቱን ከነሻሿ አቀፋት። «እግዜር ይስጥሽ! ሌባ! እግዜር ይስጥሽ!»

እሷ ግን አልሳቀችም። ትከሻው ላይ እንደተደፋች ቀረች።

«አንተ ብቻ ነህ የፈራኸው?» አለችው። «ገጥመህ ስትፈታ፣ ገጥመህ ስትፈታ እያየሁ እኔስ ምን የማስብ ይመስልሃል? መግጠምህን የረሳኸው መስሎኝ እኮ ነው! ማታ ስትተኛ ቁጭ ብዬ ሳለቅስ አድራለሁ። ለሐሙስ ሐኪም ቀጠሮ ይዤልሃለሁ፤ ደም ግፊት ልታስለካ ነው ብዬ ልወስድህ ነበር።»

በአንድ አልጋ እየተኙ፣ አንዱ ሌላውን ላለማስደንገጥ ብሎ፣ ሁለቱም ለየብቻቸው ሲጨነቁ ከርመዋል። ሰውየው ይህን ሲያስብ ሆዱ ባባ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቁ መጣ።

ዳዶዋን ልፍታልህ ብትለው «ሥራ ይዛለች፣ ተያት» አላትና ከሱቅ ሌላ ገዛ። ሞተሩን አብረው ገጠሙት። እሱ ያጠብቃል፤ እሷ ጠርሙስ ታቀብላለች፤ በየመሃሉም «አሁንስ መንካት ይፈቀዳል?» እያለች ትነካካዋለች።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ቀዮቹ ወንበሮች ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ አጉረመረመና ጠፋ። እንደገና አዞረ፤ አጉረመረመና ጠፋ። በሦስተኛው ተነሣ። ጋራዡ ተንቀጠቀጠ፤ ባዶዎቹ ጠርሙሶች መደርደሪያው ላይ ተንጫጩ። ሰውየው እጁን መሪው ላይ አድርጎ እንደ ሕፃን ፈገግ አለ።

«የነገውን ቀጠሮ ልሰርዘው?» ስትል ጮኸች፣ የሞተሩን ድምፅ ለመብለጥ።

«ሰርዢው! ግን አንቺው ደውዪ፤ እኔ እረሳዋለሁ!»

ሚስቱ ክው ብላ ፊቱን አየች። ይስቃል። «እረሳለሁ» የምትለዋን ቃል ሦስት ሳምንት ሙሉ በአፉ አላዞራትም ነበር። እሷም እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች፤ ስልኳን አውጥታም ወደ ክሊኒኩ ደወለች። ከሞተሩ ጩኸት የተነሣ ግን በወዲያኛው ጫፍ ያለችው ልጅ አንድም ቃል አልሰማቻትም።