የሔራን ኩባያ

«ሩጫው ነው የገደላት» አሉ እትዬ ደመቀች ንፍሮ እየቆረጠሙ።

ገብረአብ ድንኳኑ ጥግ ተቀምጦ ጥርሱን ነከሰ። ዛሬ የእህቱ የሔራን ሣልስት ነው። የሮጠችውማ ከወር በፊት ነበር። የሞተችው በበሬሳ ወንዝ ዳር ብርድ ልብስ ስታጥብ የሚጥል በሽታዋ ተነስቶባት፣ ጉልበት በማይደርስ ውሃ ላይ በግንባሯ ተደፍታ ነው። አጠገቧ አምስት ሴቶች ነበሩ፤ እትዬ ደመቀችም አንዷ። አምስቱም እንደ ልማዱ የክብሪት ጭስ ሊያሸቷት፣ ክብሪት ፍለጋ ሮጡ። ሊነካት ደፍሮ ቀና ያደረጋት የለም።

«እትዬ፣ በሽታው የነካት ሰው ላይ አይጋባም እኮ» አለ።

«አንተው አይደለህ የነገርከን?»

ይኼ ነው አንጀቱን ያሳረረው። ልጅ ሳሉ፣ ስትወድቅ የሰፈር ልጆች እየከበቡ በእንጨት ሲጎነትሏት፣ ወሬውን የፈበረከው እሱ ነበር፦ መዘዞ ከተማ ላይ የወደቀች ሴት ያነሳ ሰውዬ እስከ ሰባት ቤቱ፣ በቅሎው ሳትቀር፣ ሲንዘፈዘፍ አለቀ። ልጆቹ ከዚያ ወዲያ ድርሽ አላሉም። እሱም በብልጠቱ ሲስቅ ሰነበተ።

«ያኔ ዋሽቼ ነው።»

«አሁንስ?»

«አሁን እውነቴን ነው። እንደሷ ላሉ ሰዎች መድኃኒት መግዣ ገንዘብ ለማሰባሰብ ከደብረ ብርሃን አንኮበር ድረስ፣ አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር ስትሮጥ በባጃጅ ተከትያታለሁ። ሠላሳኛው ላይ ወደቀች። በጎኗ አስተኝቼ ጃኬቴን ከራሷ ሥር አደረግኩላት፤ ይኸው አልተጋባብኝም። ሲለቃት ተነስታ፣ ‹ገብሬ፣ አንደኛ ወጣች ብለህ እንዳትዋሽ› አለችኝ። ከሁሉ ኋላ ገባች፤ ግን ገባች።»

እትዬ ደመቀች ወደ ጎረቤታቸው ዘወር አሉ። «በእህቱ ለቅሶ እንኳ ውሸቱን አይተውም።»

ድሮ፣ ጅብ ሻይ ቤት ገብቶ በሁለት ስኳር ሲጠጣ አየሁ ሲላቸው ግማሹ ያመነው ሰፈር፣ ይቺን አንዲት እውነት አልውጥ አለ።

«ነገ ሌላ ሰው ሲወድቅም ክብሪት ፍለጋ ልትሮጡ ነው?»

ገብረአብ ጓዳ ገብቶ የሔራንን የብረት ኩባያ አመጣ። ሩጫውን ለጨረሱ የሰጡት ነው፤ ከእሷ በቀር ማንም ጠጥቶበት አያውቅም። አግዳሚው ላይ ከነበረው ጆግ ውሃ ቀዳ፤ ግማሹን ጠጥቶ ቀሪውን ለእትዬ ደመቀች ዘረጋ።

«ይጠጡልኝ።»

ሴትየዋ እጃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነው ተቀበሉት። አዩት፣ አዩት። ከዚያ ቀስ ብለው አግዳሚው ሥር ደፉት።

«አልጠማኝም፣ ልጄ።»

ገብረአብ ኩባያውን ተቀበላቸው። ጆጉን አንስቶ እንደገና ሞላው፤ አንድ ጊዜ ተጎንጭቶ፣ እንደገና ዘረጋላቸው።