የ«ሬዲዮ» ባል

«ማነው ይሄን ጠረጴዛ እዚህ ያመጣው?»

ልጅቱ ይህን ያለችው ለቅሶ ደራሽ በሞላበት ሳሎን መሃል፣ ጮክ ብላ ነው። አባቷ ከመኝታ ቤቱ ሲወጣ ጉልበቱን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አጋጭቶ፣ አንድ እጁን ግድግዳው ላይ፣ አንዱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቆሟል። ሁለት ሴቶች ከግራና ከቀኝ ብድግ ብለው ክንዱን ያዙት። አንዷ ወደ ሶፋው ትጎትተዋለች፣ ሌላዋ ወደ መኝታ ቤቱ ትመልሰዋለች። እሱ የያዘው ማን እንደሆነ አያውቅምና «ማነው? ማነው?» እያለ በዚያ መጠኑን በማያውቀው ድምፁ ይጮሃል።

«ምስኪን!» አለች ከበሩ አጠገብ የተቀመጠች ሴት፣ የሻይ ብርጭቆዋን እንኳ ሳታስቀምጥ።

ልጅቱ ሴቶቹን ገለል አድርጋ የአባቷን እጅ ያዘች። መዳፉን ዘርግታ በሌባ ጣቷ «እኔ ነኝ» ብላ ጻፈችበት። ትንፋሹ ረገብ አለ።

«ቤቴን ምን አደረጋችሁት?» አላት።

ምን ብላ ትመልስለት? በቅንነት ነው ያደረጉት፣ ለሰው መቀመጫ ቦታ ይስፋ ብለው። ጠረጴዛውን ወደ መኝታ ቤቱ በር ገፉት፤ መደርደሪያውን ጓዳ ከተቱት፤ ሶፋውን አዞሩት። በጉልበቱና በክርኑ የሚያውቀውን ቤት በአንድ ጠዋት አፈረሱበት። ዓይን ያለው ሰው ዕቃ ቢዛወርበት ዞር ብሎ ያልፋል። ይህ ሰውዬ ግን ዓይኑም የለ፣ ጆሮውም የለ፤ ያለው ነገር ዕቃው የነበረበት ቦታ ነው።

«አየሽ አይደል?» አለ አጎቷ ከሶፋው ላይ። የእናቷ ታላቅ ወንድም ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ አንደኛ ክፍል ሲያስተምር ኖሮ፣ ጡረታ ከወጣም በኋላ ትልልቁን ሰው «ቁጭ በል!» ማለት ያልተወ። «ያልኩሽ ይሄንኑ ነው። ብቻውን እዚህ ቤት መኖር አይችልም።»

«ጠረጴዛውን ያዛወራችሁት እናንተ፣ ጥፋተኛው እሱ!»

«ቀስ ብለሽ ተናገሪ ልጄ፤ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ!»

ነገሩ ከጠረጴዛው በላይ ነበር። አጎትየው ለቅሶው እንዳበቃ ቤቱ እንዲዘጋና አባቷ ከእሱ ጋር እንዲኖር ወስኗል። ከማን ጋር ተማክሮ እንደወሰነ አይታወቅም። ክፍሉን አስጠርጓል፣ አልጋውን አስነጥፏል። በጓሮ በኩል፣ መንገድ ዳር ያለው የሥራ ክፍልስ? በገመድ እየሠራ የሚሸጣቸው የወንበር መቀመጫዎችስ? «ኧረ ይረፍ እንጂ! ስንት ዓመት ለፋ» ይላል፣ እንደ ስጦታ። ልጅቱ ሥራዋ ሌላ ከተማ፣ ፖስታ ቤት ነው። ፈቃዷ ሲያልቅ መሄዷ አይቀርም። ከዚያ በኋላ አባቷ እዚህም ቢቀር፣ እዚያም ቢወሰድ፣ መዳፉ ላይ አንዲት ቃል የሚጽፍለት ሰው የለም። ይሄ ያንገበግባታል።

ከሁሉም በላይ ያናደደቻት ግን ሟቿ ናት። እናት ሞታ በእናት መናደድ ነውር ነው፤ ቢሆንም ተናዳለች።

እናቷን ሰፈሩ «ሬዲዮ» ይላት ነበር። አባቷ አናጢ ሳለ መጀመሪያ ጆሮው ከዳው፤ ከዚያ ዓይኑ እየጠበበ፣ እየጠበበ ሄዶ ጠፋ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መተኛት በጀመረ ሰሞን ሚስቱ መዳፉን ይዛ «ተነስ፣ ራት ቀርቧል» ብላ ጻፈችበት። ከዚያ ወዲህ እጇ አርፎ አያውቅም። የገበያውን ዋጋ፣ የመንግሥትን ዜና፣ ማን ከማን እንደተጣላ፣ የማን ልጅ እንዳገባች፣ ሁሉንም መዳፉ ላይ ታዘንበዋለች። ጎረቤቶቿ «አፏ ሲደክማት በእጇ ትቀጥላለች» እያሉ ይቀልዱባት ነበር። ገመድ መጠላለፍ ያስተማረችውም እሷ ናት፣ ጣቱን በጣቷ እየመራች።

ሁለቱ ከሥራ ክፍሉ ደጃፍ ሲቀመጡ መንገደኛ ያልፋል። እሷ ቶሎ ብላ ትጽፋለች፦ «ልብስ ሰፊው ነው፤ ሰላም ብሎሃል። ወገብህ እንዴት ነው ይላል።» ልጅቱ ግን አጠገባቸው ሆና ታያለች። ልብስ ሰፊው አንገቱን ደፍቶ ነው ያለፈው።

«እማዬ፣ ለምን ትዋሺዋለሽ?» አለቻት አንድ ቀን ጓዳ አግኝታት። «ሰውየው እኮ ዞር ብሎም አላየው!»

«ሰላም ቢለው ምን ይጎድልበታል?»

«አላለውማ!»

«እሱ ካላለ እኔ እልለታለሁ። አንቺ ምን ቤት ነሽ?»

ከዓይነ ስውራን ማኅበር አንድ አሠልጣኝ የመጣ ጊዜም እንዲሁ ነበር። በነጭ ዘንግ መንገድ መሄድ ሊያስተምረው፣ ለጎረቤቱም ከእሱ ጋር እንዴት እንደሚወራ ሊያሳይ። እናቷ ሻይ እንኳ ሳታቀርብ ከበር መለሰችው። «እኔ በቁሜ እያለሁ ባሌን ዘንግ ልታስይዙት?» ልጅቱ ለመነች፣ ተቆጣች፣ «ነገ ብትታመሚስ?» አለች። «አታሟርቺ!» ተባለች። ይኸው ታመመች፤ ሳትሰነብት ሞተች፤ ከነእጇ ተቀበረች።

ከሰዓት በኋላ ሰው በዛ። አባቷ ሶፋው ላይ ተቀምጧል፤ እጅ ይመጣል፣ ይጨብጠዋል፣ ትከሻው ላይ አልቅሶ ይሄዳል። ልጅቱ አጠገቡ ሆና የመጣውን ሁሉ ማንነት ትጽፍለታለች፤ ጣቷ ዝሏል። ፊት ለፊታቸው አጎትየው ከጎረቤት ሽማግሌዎች ጋር ተጠጋግቶ «የሥራ ክፍሉ ጥሩ ተከራይ ያገኛል» ይላል። ሹክሹክታ መሆኑ ነው። የልጅቱ ጣት አባቷ መዳፍ ላይ ቀጥ አለ።

«ምን እያሉ ነው?» አላት አባቷ።

«ስለ እማዬ ደግነት ነው የሚያወሩት» ብላ ጻፈች።

አባቷ እጁን ሰበሰበ። «ዋሸሽ። እናትሽም ስትዋሽ ጣቷ ይፈጥን ነበር» አላት። በለሆሳስ የተናገረ መስሎታል፤ ሳሎኑ በሙሉ ሰማው። «ልብስ ሰፊው በየቀኑ ስለ ወገቤ ይጠይቃል ትለኝ ነበር። እኔ ወገቤን አሞኝ አያውቅም።»

በሩ ሥር የተቀመጠው ልብስ ሰፊ የሚገባበት ጠፋው።

ልጅቱ ደነገጠች። እናቷን ስትከስ የኖረችበት ነገር ተከሳሿም ተበዳዩም የሚያውቁት ነበር ማለት ነው። «ታዲያ ለምን ዝም አልካት?» ብላ ጻፈች።

«ደስ ይላታላ። እኔም እወደው ነበር። አሁን ግን ውሸቱን የሚያሳምርልኝ ስለሌለ እውነቱን ንገሪኝ።»

ጻፈችለት። ቤቱ ሊዘጋ መሆኑን፣ የሥራ ክፍሉ ሊከራይ መሆኑን፣ አጎቷ ቤት አልጋ እንደተነጠፈለት። አንድም አላስቀረችም።

«ማን ነው ይሄን ያለው?»

«አጎቴ።»

«የት ነው እሱ?»

«ፊት ለፊትህ።»

«ታዲያ ለምን ለእኔ አይነግረኝም?»

ሁሉም ወደ አጎትየው ዞረ። «እኔ የእናንተን ቋንቋ የት አውቄ?» አለ፣ እጁን ዘርግቶ።

ልጅቱ ያን ጊዜ ገነፈለች። «የምን ቋንቋ ጋሼ? ፊደል እኮ ነው! ሀ ሁ! ዕድሜዎን ሙሉ ሰሌዳ ላይ ሲጽፉት የኖሩት!»

ሳሎኑን የሞሉት ጎረቤቶች ስንት ዓመት ሬዲዮ ስትጽፍ አይተዋል፤ የባልና የሚስት ምሥጢር ይመስላቸው ነበር። እሷም ምሥጢር ቢመስላቸው አልጠላችም፤ ማንንም አላስጠጋችም። እነሱም ለመጠጋት አልሞከሩም።

ልጅቱ ከአባቷ አጠገብ ተነሣች። «ይቀመጡ። ቤቱ ይዘጋ ያሉት እርስዎ ነዎት፤ እርስዎ ይጻፉለት።»

አጎትየው ሰው ሁሉ እያየው እምቢ ማለት አልሆነለትም። መጥቶ ተቀመጠ። አባቷ መዳፉን ዘረጋ። የአጎትየው ጣት አየር ላይ ትንሽ ቆየና ወረደ፤ ለአንደኛ ክፍል እንደሚጽፍ በትልቁ፣ ቀስ እያለ።

«ቤ» አለ አባቷ። «ቱን። ቤቱን። እሺ፣ ቤቱን ምን?»

ጣቱ ቆመ። ለሽማግሌዎቹ ሲያወራው ቀላል የነበረ ነገር ለባለቤቱ ለራሱ መጻፍ አቃተው።

«ቤቱን አልለቅም» አለ አባቷ፣ ሲጠብቅ ሲጠብቅ። «ጉልበቴን የመታኝ እናንተ ያዛወራችሁት ዕቃ ነው፤ መልሱልኝ። ሥራዬን እሠራለሁ። ያን እሷ ከበር የመለሰችውን አሠልጣኝ ጥሩልኝ፤ ቅር እንዳይላት ብዬ ነው የተውኩት። የቸገረኝ አልጋ አይደለም፣ የሚያወራኝ ሰው ነው። ቤትህ ብትወስደኝስ ማን ያወራኛል? አንተ? እስከ ዛሬ መች አንድ ቃል አወራኸኝ?»

  አጎትየው ጣቱን መዳፉ ላይ መለሰና ሌላ ነገር ጻፈ። ልጅቱ ከላይ ሆና አነበበችው። «እህቴን»። ቀጥሎ ለመጻፍ ሞከረ፤ ፊደሉ አልወጣ አለው።

አባቷ ይሄኛውን ጮክ ብሎ አላነበበም። የአጎትየውን እጅ ያዘ፣ ገልብጦ ዘረጋው፣ ራሱም ጎንበስ ብሎ መዳፉ ላይ በጣቱ ይጽፍለት ጀመር። ልጅቱ ለማንበብ አንገቷን አሰገገች። ከዚያ ተወችውና ፊቷን አዞረች።