መርዶ የመሰለው ማለዳ

እትዬ አለሚቱ ልጃቸው ደምሴ በሕይወት መኖሩን አላምንም አሉ። ጦርነቱ ከተማችን መርሳ ሲደርስ በጥድፊያ ተለያይተው እሱ ደብረ ብርሃን ገባ። ስልክ እንደተመለሰ ደወለላቸው፤ እሳቸው ግን «ይሄ የታላቅ ወንድሙ የግርማ ድምፅ ነው፣ መርዶ ደብቃችሁኛል» ብለው ዘጉበት። በእኛ አገር መርዶ ተደብቆ ይቆይና በማለዳ ሽማግሌ ተሰብስቦ ነው የሚነገረው። ስለዚህ ሰው ደግ በሆነላቸው ቁጥር ይብስ ይጠረጥራሉ። ጎረቤት ወጥ ይዞ ከመጣማ አለቀ፣ ያን ቀን እህል አይቀምሱም።

«ፊቱን ካላየሁ ወይ ፍንክች!» አሉ። የሞባይል ኢንተርኔት ገና አልተለቀቀም፤ መስመር የገባው እኔ ኮምፒውተር ቤት ብቻ ነው። ነገሩ በእኔ በሞላ ጫንቃ ላይ ወደቀ።

ሁለቱ ኮምፒውተሮቼ ጦርነቱን ያሳለፉት ግራና ከተማ፣ ዘመድ ጎተራ ውስጥ፣ ማሽላ ተደፍቶባቸው ነው። አንዱን ስፈታው ማሽላው ጠረጴዛዬ ላይ ረገፈ። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ጋሽ ይርጋ አይተው «ይኸው፣ ዘሩን ይዞ መጣልህ» አሉኝ።

ቅዳሜ ማለዳ ደምሴን በምስል ልናገኘው ተቀጣጠርን። እኔ ከዚያ በፊት የኔትወርኩን ሴቲንግ አስተካክዬ፣ የምስል መደወያውን ፕሮግራም አውርጄ መጫን አለብኝ። እትዬ አለሚቱ አጠገቤ ተቀመጡ። አንደኛው ኮምፒውተር ላይ ያሉትን ቁጥሮች እያየሁ ሁለተኛው ላይ ሞላሁ። ማውረዱ ይጀምራል፣ ይቆማል። ደግሞ ይጀምራል፣ ይቆማል። አንድ ጽሑፍ ብቅ ባለ ቁጥር ሳላነብ እዘጋዋለሁ፤ አንብቦ መታገስ የእኔ ነገር አይደለም።

ይህን ጊዜ ጎረቤቱ ወሬ ሰምቶ ደምሴን ለማየት መምጣት ጀመረ። ብርድ ነውና ሁሉም ጋቢውን ተከናንቧል። ጋሽ ይርጋም ጉሮሯቸውን ጠርገው በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ኮምፒውተሩ እንዳይረበሽ ይመስል ትንፍሽ የሚል የለም። እኔ ጅሉ ደግሞ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «አብሽሩ፣ እትዬ» አልኳቸው።

ብድግ አሉ። «አወቅሁ! ልትነግሩኝ ነው!» ደረታቸውን ሊመቱ እጃቸውን አነሡ።

«ኧረ በማርያም! ኔትወርኩ ነው እምቢ ያለኝ!» ብዬ ጮህኩ።

«ኔትወርክ የለም እያላችሁ የስንቱን ሞት ደበቃችሁ!»

ወደ ኮምፒውተሩ ዞሬ ያንን ስዘጋው የነበረውን ጽሑፍ አነበብኩት፤ ይህ አድራሻ በሌላ ኮምፒውተር ተይዟል ይላል። ለካ ቁጥሩን ሁሉ ስገለብጥ፣ ለየብቻ መሆን የነበረበትን የኮምፒውተሩን አድራሻም ገልብጬዋለሁ። ሁለቱ በአንድ ወንበር ላይ ሲገፋፉ ነው የቆዩት። የመጨረሻዋን ቁጥር ቀየርኩ። ማውረዱ ያለማቋረጥ ሄደ። ጫንኩ፣ ደወልኩ።

ደምሴ ወፈር ብሎ ብቅ አለ። «እማዬ!»

እትዬ አለሚቱ ጠጋ ብለው አፈጠጡበት። «ዛሬ ዛሬ ፎቶውም ይናገራል። ተነሥተህ ጨፍር።»

«እማዬ፣ ሻይ ቤት ነኝ፣ ሰው ያየኛል...»

«ጨፍር አልኩህ!»

ምን ያድርግ፣ ተነሣ። ወሎ ተወልዶ እስክስታን እንደ ደምሴ የሚያበላሽ አላየሁም። አንዱ ትከሻው ሲነሣ ሌላው ተኝቶ ይቀራል፣ አንገቱ ብቻውን መንገድ ይሄዳል። ከጀርባው ሻይ የሚጠጡት ሰዎች ማጨብጨብ ጀመሩ።

እትዬ አለሚቱ መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው አለቀሱ።

«እሱ ነው» አሉ። «እንዲህ አድርጎ የሚያበላሽ ሌላ ሰው የለም። ልጄ ነው።»

ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ጋሽ ይርጋ እንኳ ጋቢያቸውን ጥለው ትከሻቸውን ነቀነቁ። እኔም፣ ምን እደብቃለሁ፣ እንባዬ መጣ።

እልልታው በረድ ሲል እትዬ አለሚቱ ዓይናቸውን ጠርገው ወደ ጎረቤቶቻቸው ዞሩ።

«በሉ እንግዲህ፣ ያንን ወጣችሁን አምጡት» አሉ። «ርቦኛል።»