በሃምሳው የተበላ ሽሮ

"ማን ቤት ነው ያልኸኝ?" እጅጉ ለባሏ ያመጣችውን የወጥ ሳህን እንደያዘች ቆመች።

"እታለም ቤት፣" አለ የእህል መጋዘኑ ዘበኛ ተስፋው፣ ፊቱን ወደ ጆንያው ክምር አዙሮ። "ባልሽ ምሳውን እዚያ ነው የሚበላ። ከፋሲካ ወዲህ መሰለኝ። እኔ ምን አውቄ።"

"ምን ይበላል?"

"ሽሮ ነዋ።"

"በሃምሳው?"

ተስፋው ጆንያ መቁጠር ጀመረ። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ ይፈሰካል። በዚህ ጊዜ ሚስት ያለው ሰው ሽሮ ፍለጋ ሰው ቤት ከሄደ፣ የሄደው ለሽሮ አይደለም። እጅጉ ያሰበችው ይህንን ነው። ዘበኛውም ይህንኑ እንዳሰበ ከአኳኋኑ ገባት።

ባሏ ደረሰ የመጋዘኑ መዛኝ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ምሳውን ቤቱ ሲበላ ኖሮ፣ ዘንድሮ በ2004 ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ ሥራ በዛብኝ አለ። ማታም ያመሻል። ከመጋዘኑ እስከ ቤት ያለው ዳገት ሩብ ሰዓት አይሞላም፤ እሱ ግን አንድ ሰዓት ይፈጅበታል። ሲጠየቅ የአንድ ለአምስት ስብሰባ ነበር ይላል። ቤት ገብቶም የቀረበለትን ነካ አድርጎ ይተዋል። የሚተወው ደግሞ ለሠርግ ከደምበጫ ድረስ ሰው የሚላክባትን የእጅጉን ወጥ ነው።

እታለም ከመናኸሪያው ጀርባ ለሹፌሮች ምግብ ትሸጣለች። ባሏ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው። እጅጉ ወደዚያ የሚወስደውን መንገድ ስታጋምስ የሴትዮዋን ጥርስ አሰበች፤ አንገቷን አሰበች፤ በቅርቡ ያስመታችውን አዲስ ቆርቆሮ አሰበችና ማን እንዳስመታላት ለራሷ ጠይቃ ለራሷ መለሰች።

እታለም በር ላይ ስትቆም፣ ደረሰ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ተቀምጧል። አንድ እግሩን አግዳሚው ላይ ዘርግቶ የሳህኑን ጥግ በእንጀራ ይጠርጋል። ከሁሉ ይበልጥ ይሄ አናደዳት። እሷ ቤት ሁለት ጉርሻ የሚበዛበት ሰው፣ እዚህ ሳህን ይጠርጋል።

"ግቢ እንጂ እጅጉ፣" አለች እታለም ከጓዳ ብቅ ብላ። "በር ላይ ስትቆሚ ደንበኛዬ ይሸሻል።"

"ደንበኛሽማ ይኸው እግሩን ዘርግቷል።"

ደረሰ ዞረ። የጎረሰው አፉ ውስጥ ቀረ።

"ብላ እንጂ! ሃያ ሁለት ዓመት ያላቀመስሁህን ምን አቀመሰችህ?"

"ተይ፣ ሰው ይሰማል።"

"ይስማ!" የያዘችውን ሳህን ጠረጴዛው ላይ ዘጭ አደረገችው።

እታለም ሳቀች። "አንቺ ሴት፣ ጨው እንኳ የለውም እኮ! ሌላ ነገር ብፈልግበት ትንሽ ጨው አላደርግለትም ነበር?"

"ሐኪም ነው ያዘዘኝ፣" አለ ደረሰ ቀስ ብሎ። "ሁዳዴ ሲገባ ፍኖተ ሰላም ሄጄ ነበር። የእግርህ ደም ሥር ውስጡ በስብ ተለብዶ ደድሯል፣ ደም እንደልብ አያሳልፍም አለኝ። እንዲህ ያለው ነገር ልብ ላይ ወይ ጭንቅላት ላይ ከወጣ አይመልስም፤ ቅቤና ጮማ ተው፣ ጨው ቀንስ አለኝ። ጾሙ እያለ ቀላል ነበር።"

"የምታመሸውስ?"

"ዳገቱ ላይ ባቴ ይጨብጠኛል። እስኪለቀኝ ቁጭ እላለሁ። ትንሽ ሄጄ ደግሞ ቁጭ።"

"ይህን ማን ያውቃል?"

"ማንም።"

"እሷ ታውቃለች።"

"ሳልነግራት እንዴት ትሥራልኝ?"

"ሌላስ?"

ደረሰ አንገቱን ደፋ። "መምሬ ክንፈሚካኤልን ጠይቄያቸዋለሁ። በሃምሳው እንዲህ ብበላ ጾም ይሆንብኛል ወይ አልኋቸው። እንደ መድኃኒት ቁጠረው አሉኝ።"

መምሬ የእሷም የንስሐ አባት ናቸው። ባለፈው እሑድ ቤቷ መጥተው ጸበል ሲረጩ አንድ ቃል አልወጣቸውም። ሐኪሙ አወቀ፣ ቄሱ አወቁ፣ ሽሮ ሻጯ የባሏን ደም ሥር አወቀች። ይሄ ከጠረጠረችው ነገር የባሰ አንገበገባት። ውሽማ ብትሆን ኖሮ ምን እንደምታደርጋት ታውቅ ነበር።

"ለእኔ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?"

"በፋሲካ ማግስት ቅቤው በዛብኝ አላልሁሽም? ምን አደረግሽ?"

ያደረገችውን ታስታውሳለች። ቅቤ በዛብኝ የሚል ባል ሰምታ አታውቅም። ቅቤሽ ሸተተኝ ማለት አፍሮ በጨዋ ደንብ ያለዘበላት መሰላት። በማግስቱ ገበያ ወጥታ ከሰከላ የመጣ ለጋ ቅቤ መርጣ ገዛች፤ አንጥራም እጥፍ አድርጋ ጨመረችበት። ሲተወው ደግሞ ጨመረች። ወር ሙሉ፣ በተወው ቁጥር።

የተዘረጋውን እግሩን አየች። ከሌላኛው ቀጥኗል፤ መቼ እንደቀጠነ አታውቅም።

ከፊቱ ካለው የሽሮ ሳህን በጣቷ ጠቅሳ ቀመሰች። ነጭ ሽንኩርት አለው፣ ዝንጅብል አለው፣ በሶብላ አለው። ጨው የለውም። ይጥማል። መጥፎ ቢሆን እንዴት ደስ ባላት።

"ከነገ ጀምሮ ቤቱ ነው የሚበላ፣" አለች።

"ይብላ፣" አለች እታለም። "እኔ የሚበላልኝ ሰባት ሹፌር አላጣም።"

እጅጉ ግን ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። እንኳን በፍስክ፣ በጾም እንኳ ወጧ ዘይት የሚንሳፈፍበት ነው። ሌላ አሠራር አታውቅም።

"ዘይቱ ስንት ማንኪያ ነው?" አለች ፊቷን ሳታያት።

"አንድ።"

"ውሸትሽን ነው።"

"መጥተሽ እዪኛ።"

እጅጉ ባሏን አላየችውም። ነጠላዋን አጣፍታ ጎንበስ አለችና ወደ እታለም ጓዳ ገባች።