በወንድሜ ማሳ የተገኘው ቆሮሶ

ወንድሜ ገብረጻድቅ አቃቂ ወንዝ ዳር ጎመንና ሰላጣ እያለማ ኖረ። ማሳው ከጎረቤቶቹ ሁሉ በታች፣ ውሃው የሚወርድበት ጫፍ ላይ ነው። ወንዙን የምታጠና ሩት የምትባል ባለሙያ መጀመሪያ የመጣችው እዚያ ነበር።

"ጋሼ፣ እንስሳ ሁሉ ውሃ ውስጥ ቅርፊቱን፣ ለሃጩን፣ ኩሱን ይተዋል። ውሃውን ቀድተን ዘረመሉን ስንመረምር በወንዙ ማን እንደሚኖር እናውቃለን" አለችው።

"ማንም ባይኖርስ?"

"ወንዙ ሞቶ ከሆነማ ውሃው ተመርዟል ማለት ነው፤ በዚህ ውሃ አትክልት ማልማት ይከለከላል።" ሰኞ ልትቀዳ ተቀጣጥራ ሄደች።

ከላይ ያለው ማሳ ባለቤት ሮሪሳ ሳቀ። "ዓሣ ከፈለገች ዓሣ እንስጣት!"

ጾም ስለነበር የሳሪስ ዓሣ ቤቶች ሥራ በዝቶባቸዋል። እሱና ወንድሜ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ የቆሮሶ ዓሣ ቅርፊትና ሆድ ዕቃ ለምነው አመጡና እሑድ ከሰዓት በወንድሜ ማሳ ራስጌ ወንዙ ውስጥ ዘረገፉት። "አሁን ከዝዋይ በምን እናንሳለን?" እያለ ሮሪሳ ሲያሾፍ እኔም አብሬ ስቄአለሁ።

ውጤቱን ይዛ ስትመጣ ሩት ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም።

"ወንዙ አልሞተም ጋሼ፣ ቆሮሶ አለ! ግን የተገኘው እዚህ እርስዎ ጋ ብቻ ነው፤ ቦታው ታጥሮ ይጠበቃል። ሌሎቹ ለጊዜው ማልማት ይችላሉ።"

"እኔስ?"

"ምትክ እንዲሰጥዎ እንጠይቃለን።"

ወንድሜ ሊናገር አፉን ሲከፍት ሮሪሳ ክንዱን ያዘው። ልጅቷ እንደራቀች፣ "ገብሬ፣ እውነቱ ከወጣ ሁላችንም እንነቀላለን። አሁን የምትነሳው አንተ ብቻ ነህ። ልጆቼን አስብ" አለው።

ወንድሜ ልጅ አልነበረውም። እውነቱን ለሩት አልነገራትም።

ሽቦው ሲወጠር ጎመኑን በእጁ ነቀለ። "ዓሣ ማጥመድ ክልክል ነው" የሚል ሰሌዳ ተተከለ። ምትኩ አልመጣም። ጠዋት ጠዋት ሽቦውን ይዞ ይቆም ነበር፣ ታሞ እስኪተኛ ድረስ። በክረምቱ አረፈ።

ሠልስቱ ላይ ሩት ድንኳናችን መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። አለቀሰች። ኋላ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "እትዬ ፈለቀች፣ ደጋግመን ቀዳን፤ ዓሣው ጠፋ። ጋሼ የነገሩዎት ነገር ነበር?" አለችኝ።

ንፍሮ ሲያድል የነበረው ሮሪሳ ባለበት ቆመ። ወንድሜን በሕመሙ ያስታመሙልኝ እሱና ሚስቱ ናቸው።

"እሱ እኮ ዓሣ አይወድም ነበር" አልኳት።

በማግስቱ የሮሪሳ ሚስት ከማሳቸው የተቀነጠሰ ጎመን ሠርታ አመጣችልኝ። እያየችኝ በላሁት።