ክላክስ እንዳታሰማ

የወጣን ቀን ጠዋት እናቴ እስከ ግቢው በር ሸኘችኝና አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ። «ስትመለስ ክላክስ እንዳታሰማ። ውረድና በእጅህ አንኳኳ» አለችኝ። እሺ አልኳት። ለእሷ እሺ የምለው ሁልጊዜም ሳላስብ ነው፤ ይህንንም ሳላስብ አልኩ።

ለምን እንዳለችኝ ግን አውቃለሁ። ታላቅ ወንድሜ የጦር መኪና ሾፌር ነበር። ወደ እኛ የሚያመጣው ጉዞ ባገኘ ቁጥር ከነመኪናው ብቅ ይልና ከበሩ ላይ ሁለቴ አጭር፣ አንዴ ረጅም ያሰማል። እናቴ የያዘችውን ጥላ ሮጣ ትከፍትለታለች። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት እንደወጣ ቀረ። ሞተ ያለን የለም፤ የመጣልን ወረቀት «ያለበት አልታወቀም» ይላል፣ ያውም የስሙን አንድ ፊደል ገድፎ። እናቴ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ሲመጣ ደጅ እንዳይቆም ብላ፣ የግቢውን በር ሳትወረውር አደረች። ሌባ ሁለት ጊዜ ገብቶብናል። ስንት ለምነናት፣ ለእሱ አንጥፋ ያቆየችውን አልጋ አንስታ፣ አልቅሳ የወጣላትና መወርወሪያውን በገዛ እጇ ያስገባችው ገና ባለፈው ወር ነው። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ይወስዳታል። ያንን እንቅልፍ ነበር ለእኔ አደራ ሰጥታ የሸኘችኝ።

ጋራዡ የአጎቴ፣ የእናቴ ወንድም ነው፤ እኔ መካኒኩ ነኝ፤ የእናቴ ቤት እዚያው ግቢ ውስጥ ከጋራዡ ጀርባ ነው። አጎቴ ሠራዊቱ ከአገልግሎት ያወጣቸውን ሁለት ከባድ መኪኖች በጨረታ አሸነፈና፣ እሱ፣ እኔና አንድ ሾፌር ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጉዘን ልናመጣቸው ሄድን። ሾፌሩን ጭምቱ እንለዋለን። ስሙን ያወጣለት ሰው ተረበኛ መሆን አለበት፤ አውቶቡሱ ሲነሳ የጀመረውን ወሬ ስንደርስም አልጨረሰውም ነበር።

መኪኖቹ በትልቅ ግቢ ውስጥ በሰልፍ ቆመዋል፤ ሣሩ እስከ ጎማቸው ወገብ ደርሷል። የመጀመሪያዋ አዲስ ባትሪ ስናስርላት ወዲያው ተነሳች። የሁለተኛዋን ኮፈን እኔ ከፈትኩ። የናፍጣው ቱቦ በሽቦ ታስሯል፤ ሽቦው ሦስቴ ተጠምዝዞ ጫፉ ወደ ውስጥ ታጥፏል። አባታችንም መካኒክ ነበር። የሽቦ ጫፍ ወደ ውጭ ትተን ካየ «ነገ የሌላ ሰው እጅ ይገባበታል» ብሎ እስኪመሽ ይገላምጠን ነበር። እንደዚያ የሚያስር ከእኛ ቤት ሌላ ሰው በዕድሜዬ አላየሁም። ይኸኛው ደግሞ የተጠመዘዘው ወደ ግራ ነበር። ወንድሜ በግራ እጁ ነው የሚሠራው።

ከበሯ ሥር ያለውን መሰላል ይዤ ጋቢና ወጣሁ። የክላክሱ መጫኛ ከመሪው መሃል ተነቅሎ በግራ በኩል፣ በሩ አጠገብ፣ በዚያው ሽቦ በዚያው አስተሳሰር ታስሯል። የሾፌሩ ወንበር ሰው አሁን የተነሳበት ይመስል ወደ ግራ ሰርጉዷል።

ወርጄ የንብረት ክፍሉን ሰውዬ «ይቺን ማን ነበር የሚነዳት?» አልኩት። መዝገቡን ገለጠ።

«ሾፌር አልተጻፈባትም። መንገድ ዳር ነው የተገኘችው፤ ሞተሯ እየሠራ፣ በሯ ተከፍቶ። ሰው አልነበረባትም።»

«ደምስ?»

«ደም የሚል የለም» አለና የሚፈረምበትን ቦታ በጣቱ አሳየኝ።

አጎቴ ሽቦውን ሲያይ ገባው። ፊቱ አመድ መሰለ። «ለእህቴ ትንፍሽ እንዳትል። እንደደረስን ፈታትቼ በየመለዋወጫው እሸጣታለሁ» አለኝ። «ያንን ክላክስ አሁኑኑ ቁረጠው።»

ፒንሳ ይዤ ወጣሁ። ጫፉን ሽቦው ላይ አሳረፍኩና እጄ እምቢ አለ። ወንድሜ በዚህ ምድር ላይ ከሠራው ነገር በእጄ ያለው ይኸው ነው። ወርጄ «ቆርጬዋለሁ ጋሼ» አልኩት። እሱን ዋሽቼው አላውቅም ነበር።

እነሱ በፊተኛዋ ቀደሙ፤ እኔ ብቻዬን ተከተልኩ። ወንበሩን ለቁመቴ ላስተካክል ብል ንቅንቅ አልል ስላለኝ እንደ እሱ አጋድዬ ተቀመጥኩ። ጥቂት እንደሄድኩ ሳላውቀው ማውራት ጀመርኩ። እናቴ አልጋውን ማንሳቷን ነገርኩት፣ ስለ ሌቦቹ ነገርኩት፣ ደጋግሜም «የት ወረድክ?» አልኩት። ሻይ ልንጠጣ በቆምንበት ሁሉ ሞተሩን ማጥፋት ፈራሁ። እየሠራ ትቼው በሩን ዘግቼ እሄዳለሁ፤ ስመለስ በሩ ተከፍቶ አገኘዋለሁ። የመጀመሪያውን ጊዜ መያዣው ላልቶ ነው አልኩና አጠበቅኩት። ሁለተኛውን ጊዜ ጭምቱ ራሱ ገፍቶ፣ ቋ ሲል ሰምቶ ነበር የዘጋው። ሻያችንን ጨርሰን ስንመለስ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጭምቱ ከዚያ በኋላ እስክንገባ ድረስ አንዲት ቃል አልወጣውም።

እኔ ቀኝ እጀኛ ነኝ። በሁለተኛው ቀን ግን ኩርባ ሲመጣ፣ ከብት መንገዱን ሲዘጋ፣ ግራ እጄ ሳላዘው ክላክሱን ይጫን ጀመር። እነአጎቴ በጣም ስለቀደሙኝ አልሰሙም። እኔም ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን አባቴ ልደብቅ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ከወንድሜ ጋር የሄድኩበት መንገድ ነበር።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ከተማ ገባን። አጎቴ ናፍጣ ለመሙላት ቆመና «አንተ ቅደም፤ አንኳኳና አስከፍት» አለኝ። እናቴ ያለችኝ አልጠፋኝም። ሰፈራችን እስክገባ ለራሴ እየደጋገምኩት ነበር፤ ውረድና በእጅህ አንኳኳ፣ ውረድና በእጅህ አንኳኳ። በሩ ፊት ቆምኩ። የእጅ ፍሬን ሳብኩ። ልወርድ ብዬ ግራ እጄን ወደ በሩ መክፈቻ ሰደድኩ።

ሁለቴ አጭር፣ አንዴ ረጅም።

ጆሮዬ ጭው አለ። እጄን ከክላክሱ ላይ ሳነሳው የሌላ ሰው እጅ መሰለኝ። ግቢ ውስጥ አንድ ዕቃ ወድቆ ተሰበረ። ሩጫ ሰማሁ፤ ከዚያ መወርወሪያው እየጮኸ ሲሳብ ሰማሁ። እናቴ አንድ እግሯ ጫማ፣ አንዱ ባዶ ሆኖ ወጣች። ፀሐዩ የፊት መስታወቱ ላይ ስላረፈ ውስጥ ያለውን ሰው ማየት አትችልም። አልጮኸችም።

«መጣህ?» አለች። ለእኔ እንደዚያ ባለ ድምፅ ተናግራ አታውቅም።

እኔ እስካልወረድኩ ድረስ ልጇ መጥቶላታል። ሞተሩ እየሠራ፣ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ያን ሰዓት እድሜዬን ሙሉ እዚያ ብቀመጥላት ደስ ባለኝ።

በሩ ቋ ብሎ በራሱ ተከፈተ።

እናቴ አየችኝ። ተናዳ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። መሰላሉን ይዛ ወጣችና በእኔ ላይ አሻግራ ባዶውን ወንበር አየች፣ የወንበሩን ሥር አየች። ከዚያ ክላክሱን ያሰረውን ሽቦ በጣቷ ዳሰሰችው፤ የባሏንም የልጇንም አስተሳሰር ታውቀዋለች።

«እሱስ?» አለችኝ። «የት አወረድከው?»

አጎቴ ሲደርስ የግቢው በር ወለል ብሎ እንደተከፈተ፣ እሷ የተሰበረውን ዕቃ ስባሪ እየለቀመች፣ እኔ መሰላሉ ላይ ተቀምጬ አገኘን። መወርወሪያው ግድግዳው ላይ ተደግፏል። እስከ ዛሬም እዚያው ነው።