ዘጠኝ ለአንድ

እናትዓለም ያንን ቃለ ጉባኤ ባየችው ቁጥር አንጀቷ ያርራል። ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ አፋፍ ያለው የጤና ኮሌጃቸው ሁለት የኢንተርኔት መስመር አለው፤ አንዱ አዲሱ ፋይበር፣ ሌላው ጣሪያ ላይ ከተሰቀለው አሮጌ አንቴና የሚወርድ። ፋይበሩ ዘጠና ሜጋ ያመጣል፤ አንቴናው በስንት ልመና አሥር። ታዲያ ኮሚቴው ተሰብስቦ ምን ቢወስን ጥሩ ነው? «የመፈተኛ ክፍሉ መቶ ኮምፒውተሮች ያለ አድልዎ ለሁለቱ መስመሮች እኩል ይከፈሉ።» ሰባት ፊርማ፣ አንድ ክብ ማኅተም። የኔትወርክ ባለሙያዋ እሷ ናት፤ ኮሚቴው ውስጥ ግን የለችበትም። እንግዲህ ፍረዱ።

ኮምፒውተሮቹን ለመስመሮቹ የሚያከፋፍለው ራውተር እንደታዘዘው ሃምሳውን ኮምፒውተር ወደ ፋይበሩ፣ ሃምሳውን ወደ አንቴናው ላከ። ባለፈው ወር ፈተና ፋይበር የደረሳቸው ጨርሰው ሻይ ሲጠጡ፣ አንቴና የደረሳቸው ስክሪኑ ላይ የምትሽከረከር ክብ ሲያዩ ሰዓቱ አለቀ። ከደልጊ መጥታ ሦስት ዓመት አዋላጅነት የተማረችው እሌኒ አርባ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ቀረች። ፈተናው ለመቶውም ተሰርዞ ድጋሚው ረቡዕ ነው፤ ያም ከተበላሸ ዓመቱን ትደግማለች።

ሰኞ ጧት እሌኒ የእናትዓለምን ቢሮ አንኳኳች።

«እትዬ፣ ረቡዕም ያቺ ክብ ትመጣብኝ ይሆን?»

እናትዓለም በቀጥታ ወደ ዲኑ ሄደች። አቶ ወልደ ጻድቅ የቄስ ልጅ፣ ደግ ሰው ናቸው፤ አድልዎ የሚባል ነገር ከሸተታቸው ግን አለቀ።

«ጋሼ፣ ዘጠኝ ለአንድ እናድርገው። ዘጠናው ኮምፒውተር በፋይበሩ፣ አሥሩ በአንቴናው።»

«አሥሩ የማን ልጆች ናቸው?»

«የማንም። ያኔ ነው ለሁሉም እኩል የሚደርሰው፤ ለያንዳንዱ አንድ አንድ ሜጋ።»

«ሰማሁሽ። ዘጠኝ ለአንድ ብለሽ መልሰሽ እኩል ትይኛለሽ?»

አራቴ አስረዳች። ወረቀት ላይ ሳለችላቸው። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ትዕግሥቷ ሲያልቅ አፏ ላይ የመጣውን ተናገረች።

«ለኪዳነ ምሕረት ንግሥ እህሉን ወደ ደሴቲቱ ያሻገሩት በሞተር ጀልባና በታንኳ አይደለም? እኩል ጫኑባቸው?»

«ምን ነካሽ፣ ታንኳዋ ትሰምጥ የለ? እንደ አቅሟ ነው እንጂ» አሉ። መነጽራቸውን አወለቁ። «አሁን ገባኝ።»

እናትዓለም ተመስገን ልትል ነበር።

«ግን በኮሚቴ የተወሰነ በኮሚቴ ነው የሚሻር። ሐሙስ እንሰበሰባለን።»

«ፈተናው እኮ ረቡዕ ነው፣ ጋሼ።»

«ስብሰባው ሐሙስ ነው፣ ልጄ።»

በሩን ዘግታ ወጣች። ሌላ ቃል ብትጨምር የማይሆን ነገር ትናገር ነበር። ማክሰኞ ከሰዓት ማንንም ሳታስፈቅድ ራውተሩን ከፍታ ዘጠኝ ለአንድ አደረገችው። ካባረሩኝም ያባርሩኝ አለች።

ረቡዕ መቶውም ጨረሱ። እሌኒን ራውተሩ አንቴናው ላይ ነበር የጣላት፤ እሷ ይህን አላወቀችም። ሃያ ደቂቃ ሲቀራት ወጥታ እናትዓለምን በሩ ላይ አቀፈቻት።

«ጨረስሁ እትዬ፤ ያቺ ክብ ሳትመጣ ጨረስሁ።»

ሐሙስ ከስብሰባው በኋላ ዲኑ አስጠሯት።

«ኮሚቴው መቶውም መጨረሳቸውን አይቶ፣ እኩል መካፈሉ ፍሬ አፍርቷል፣ የሚሻር የለም ብሎ አመስግኖሻል። አሁን ራውተሩ ላይ ያለውን አሠራር አትመሽ አምጪልኝ፤ ማኅተም ይመታበትና ማንም እንዳይነካው።»

ደሟ ፈላ። የድሮውን ሃምሳ ለሃምሳ አትማ ልትገላገል ትችል ነበር፤ ግን በሚቀጥለው ፈተና ሌላ እሌኒ አለች። ያለውን አትማ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጠችው። ዘጠኝ ለአንድ ይላል።

አቶ ወልደ ጻድቅ አነበቡት። ቀና ብለው አዩዋት፤ ጎንበስ ብለው እንደገና አነበቡት።

«መቼ ነው የተለወጠው?»

«ማክሰኞ።»

መሳቢያቸውን ሳቡ። ከዚያ ማኅተሙን ቀለም አስነክተው ጥርት አድርገው መቱበት።

«ቃለ ጉባኤው ግን» አሉ ወረቀቱን እየመለሱላት፣ «እኩል እንዳለ ይቆያል።»